ግልባጭ

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከዕለት ተግባሬ አንዱ ፊርማ ማመሳከር ነው። ቼክ ይቀርብልኛል፤ በደንበኛው መዝገብ ካለው የፊርማ ናሙና ጋር አስተያየዋለሁ፤ አንድ ከሆነ አሳልፈዋለሁ፤ ከተጠራጠርኩ ለአለቃዬ እመራዋለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ተመሳስሎ የተሠራ ፊርማ ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠው በግድየለሽነቱ ሳይሆን በጥንቃቄው መሆኑን ነው። ባለቤቱ ፊርማውን ይፈርመዋል፤ አስመሳዩ ግን ይሥለዋል። የባለቤቱ እጅ ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ይሳሳታል፤ የአስመሳዩ እጅ እየፈራ ስለሚሄድ መስመሩ ይደነዝዛል፣ ማዕዘኑ ይድበሰበሳል።

ይህ ትንሽ ዕውቀት ከባንክ መስኮት ውጭ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የጠቀመኝም ፈጽሞ ባልጠበቅሁት ቦታ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ በአንድ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ፣ በአሮጌ አሉሚኒየም ላይ ጎንበስ ባልኩበት ምሽት ነው። በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መካከል ቆሞ ስለ ሞተር ማውራት ያስተዛዝብ ይሆናል። ሆኖም ውድ አንባቢ እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ፣ ነገሩ ከእኛው ጉዳይ ብዙም የራቀ አለመሆኑን ያያል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የእናቴ ወንድም መካኒክ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። በዚያች ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዓመት ፈቃዴን ይዤ ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጋራዥ ውስጥ በ1931 የተሠራ ጣሪያ የሌለው ፎርድ ሞዴል ኤ አገኘሁ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የጭቃ መከላከያዎቹ ተነቅለዋል፤ የሞተር ክዳኑ የለም፤ መቀመጫው ገና አልተሰፋም። በሞተሩ ቦታ የተቀመጠው ደግሞ ከመኪናው ጋር አብሮ የተወለደው ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ሳይሆን፣ በ1946 የተሠራ ባለስምንት ሲሊንደር ፎርድ ነበር።

«ሆት ሮድ ይባላል» አሉኝ ጋሼ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ሕጉ አንድ ነው። ከኦገስት 1949 በኋላ የተሠራ ነገር አይገባበትም።»

ያን ወር ለምን እንደ መረጡ ስጠይቃቸው፣ በዩታ ግዛት በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ የመጀመሪያው የፍጥነት ሳምንት የተካሄደው ያን ጊዜ መሆኑን ነገሩኝ። መኪናቸው ለዚያ ውድድር ታስቦ ሳይደርስ የቀረ ነው ብለው ያስባሉ።

ሕጉ መጀመሪያ ግትርነት መስሎ ታየኝ። በኋላ ግን የራሴ ስሕተት ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ስለ ዐድዋ ዘማች ግጥም ጽፌ በወዳጆች ፊት አነበብኩ። ዘማቹ ከእናቱ ሲለያይ በሩቅ ባቡር ይጮኻል። ያን ስንኝ እወደው ነበር፤ ቤት የመታልኝም እሱ ነው። አንብቤ ስጨርስ አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ዐድዋ በ1896 መሆኑን፣ ባቡሩ ግን ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 መሆኑን በትሕትና አስታወሱኝና፣ «ታዲያ ልጄ፣ ዘማችህ የሰማው የምንን ጩኸት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አንዲት ያለጊዜዋ የገባች ቃል የእናቲቱን ዕንባ ሁሉ ሐሰት አደረገችብኝ። ስለዚህ የጋሼን ሕግ ልስቅበት አልቻልኩም።

ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር። ሄንሪ ፎርድ በ1932 ብዙኃኑ ሊገዛው በሚችል መኪና ውስጥ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር አስገባ። ስምንቱ ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው ግራና ቀኝ ያጋደሉ ናቸው፤ መጠኑ 221 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 3.6 ሊትር ገደማ፣ ኃይሉም 65 የፈረስ ጉልበት ነበር። ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ በላይ ሳይሆን በብሎኩ ውስጥ በጎን ስለተቀመጡ፣ ቴስታታው እንደ ድስት ክዳን ከላይ የሚደፋ ጠፍጣፋ ብረት ነው። «ፍላትሄድ» የሚለው የሞተሩ ስምም የመጣው ከዚሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ጋሼ ከአሜሪካውያን ጋር ሲነጋገሩ የእንግሊዝኛውን ስም ይጠራሉ፤ ከእኔ ጋር ሲሆኑ ግን ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ብሎን፣ ዳዶ ይላሉ። ጣልያን ጥሏቸው የሄደው እነዚህ ቃላት በጋራዦቻችን ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። አማርኛችንም እንደዚያ መኪና ሁሉ ከሌላ አካል የተፈታ መለዋወጫ ተገጥሞለት፣ የራሱን መንገድ የሚሄድ ቋንቋ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የፎርድ ሞተር ተወዳጅ ነበር፤ እንከን የለሽ ግን አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተነፈሰው በአንዲት ጠባብ ካርቡራተር ነው። የእመቃ መጠኑ ዝቅተኛ ነበር፤ በ1932 አምስት ተኩል ለአንድ ብቻ። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ካምሻፍት ለዝግታ ጉዞ የተሞረደ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ጭሱ የሚወጣበት መንገድ ነው፤ የተቃጠለው ጋዝ በብሎኩ ውስጥ፣ በውኃው መሐል አልፎ ይወጣል። በአንድ ወገን ላሉት አራት ሲሊንደሮች ያሉት መውጫዎች ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ መካከለኞቹ ሁለት ሲሊንደሮች አንዱን ይጋራሉ። ስለዚህ ሞተሩ በቶሎ ይግላል።

ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን፣ ከተራራው ማዶ በሞሃቪ በረሃ፣ ውኃቸው የደረቀ ሐይቆች አሉ። ሙሮክ፣ ሮዛመንድ፣ ኤል ሚራዥ ይባላሉ። መሬታቸው እንደ ምጣድ ጠፍጣፋና ደረቅ ነው። በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን ያደጉ ወጣቶች ከመኪና መቃብር የለቀሙትን ፎርድ እየነዱ ወደዚያ ይወጡ ጀመር። ክብደት ለመቀነስ የጭቃ መከላከያውን ይነቅላሉ፤ ሰዓት ያዥ ያስቆማሉ፤ አቧራ እያስነሡ ይሮጣሉ። በ1937 ክለቦቻቸው ተሰባስበው የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰዓት ማኅበርን አቋቋሙ። በየሳምንቱ መጨረሻ በረሃ የሚወርዱት እነዚህ ልጆች ነበሩ ለፎርድ ሞተር እንከኖች አንድ በአንድ መልስ ያገኙት። ፋብሪካው ያልሠራውን ዕቃ በየሠፈሩ ባሉ ትናንሽ የብረት ማቅለጫዎች አስቀልጠው ሠሩ። እኔ «የፍጥነት ዕቃ» የምለው ይህንን ነው።

ቪክ ኤደልብሮክ በ1913 ካንሳስ ተወልዶ በ1931 ካሊፎርኒያ የገባ መካኒክ ነበር። በ1938 አንድ የ1932 ፎርድ ገዛ። የተሻለ ማኒፎልድ ፍለጋ ሲደክም ቆይቶ፣ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከመግባቷ በፊት ሁለት ካርቡራተር የሚሸከም የራሱን ነደፈ። ማኒፎልድ ማለት አየርና ቤንዚኑን ከካርቡራተር ተቀብሎ ወደ ስምንቱም ሲሊንደሮች የሚያከፋፍለው አካል ነው። ሰዎች ቅርጹን አይተው «ስሊንግሾት»፣ ማለትም ወንጭፍ አሉት። የሠራው 100 ብቻ ነው። ፊል ዋያንድ ደግሞ በሞዴል ቲ መኪና አደጋ እግሮቹ ከማይታዘዙለት በኋላ ነው ማኒፎልድ መሥራት የያዘው። ከአርመናውያን ቤተሰብ በ1921 የተወለደው ኤድ ኢስከንደሪያን ከጦርነቱ ሲመለስ ለመኪናው ልዩ ካምሻፍት ፈለገ፤ ወረፋው ወራት የሚፈጅ ሆኖ ቢያገኘው መሞረጃ አበጅቶ ራሱ መሥራት ጀመረ። በብራሰልስ በ1909 ከሩሲያውያን ወላጆች የተወለደውና በኋላ በኮርቬት መኪና ስሙ የገነነው ዞራ አርከስ ዱንቶቭ፣ በ1947 በኒው ዮርክ ቫልቮቹን ወደ ላይ የሚያወጣ ሙሉ ቴስታታ አቀረበ። «አርደን» ይባላል፤ ስሙ የተገመደው ከአባት ስሙ ሁለት ቁራጮች ነው። የሚገርመው፣ አርደን በመጀመሪያ የታሰበው ለእሽቅድምድም ሳይሆን፣ ጭነት ሲበዛባቸው ለሚግሉ የፎርድ የጭነት መኪናዎች ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ተስፋፋ። በጃንዩወሪ 1948 «ሆት ሮድ» የተባለው መጽሔት ወጣ፤ በ1949 ቦንቪል ተከፈተ። ፎርድ በ1953 በአሜሪካ የመጨረሻዎቹን ፍላትሄድ ሞተሮች ለመኪናዎቹ ሠራ፤ በ1955 ደግሞ ቫልቮቹ ከላይ የሆኑት አዲሱ የሼቭሮሌ ሞተር መጣ። ወጣቶቹ ጊዜ ሳያባክኑ ወደዚያ ዞሩ። ትናንት በልመና የተገኘው ማኒፎልድ በጓሮ ተጣለ፤ የዶሮ ውኃ መጠጫ የሆነም አይጠፋም።

ዛሬ ያ የተጣለው ዕቃ ይፈለጋል። በ1997 በፔብል ቢች፣ ባለጸጎች ጥንታዊ መኪኖቻቸውን በሚያሳዩበት ታላቅ ውድድር ላይ፣ ሆት ሮድ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ምድብ ተሰጠው፤ ያሸነፈውም በዶን ስፔንሰር እጅ የተሠራው የ1932 ፎርድ ነበር። ነገሩ ክብር ሲያገኝ ዋጋ ተከተለው፤ ዋጋውን ደግሞ አስመሳይ ተከተለው።

እንግዲህ አንድን ዕቃ «የዘመኑ ነው» የሚያሰኘው ምንድን ነው? ጋሼ በእነዚያ ሳምንታት ያስተማሩኝን ላካፍል።

መጀመሪያ ሞተሩ ራሱ ይነበባል። ቴስታታውን የሚይዙት ብሎኖች ይቈጠራሉ። በአንድ ወገን 21 ከሆኑ ሞተሩ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ 24 ከሆኑ ከ1938 መጨረሻ ወዲህ ነው። ባለ24 ብሎኑ ሞተር ላይ ውኃው ከቴስታታው የሚወጣው በመሐል ከሆነ ከ1949 በፊት፣ በፊት ለፊት ጫፍ ከሆነ ከ1949 ጀምሮ ነው። እስከ 1948 ድረስ የፍሪሲዮኑ ቤት ከብሎኩ ጋር አንድ ሆኖ ይፈስሳል፤ ከ1949 ጀምሮ ለብቻው በብሎን ይታሰራል። ስለዚህ ለ1949 ሞተር የተሠራ ቴስታታ በ1946 ሞተር ላይ ቢታይ ጥያቄ ያስነሣል።

ቀጥሎ ካርቡራተሩ ነው። የልጆቹ ተወዳጅ ስትሮምበርግ 97 ነበረች። ፎርድ ከ1936 እስከ 1938 በሞተሮቹ ላይ ይገጥማት ስለነበር በየመኪና መቃብሩ በርካሽ ትገኝ ነበር። በጎኗ ላይ ጎልቶ የተጻፈው 97 የሞዴል ተራ ቁጥር አይደለም፤ የአየር ማለፊያዋ ጠባብ ጉሮሮ በኢንች ሲለካ 0.97 መሆኑን የሚናገር ነው። የትንሹ ሞተር እኅቷ 81 ተብላለች፤ የእሷ ጉሮሮ 0.81 ነውና። ሆኖም 97 ዛሬም እንደ አዲስ ተሠርታ ትሸጣለች፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የአድራሻው ምርመራ ነው። አንዳንድ ዕቃ ከካርቶኑ ወይም ከሠሪው ወረቀት ጋር ይገኛል። በአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ከ1943 ጀምሮ ከከተማው ስም በኋላ አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ያለው የፖስታ ቀጠና ይጻፍ ነበር፤ በ1963 ግን ባለአምስት አኃዙ ዚፕ ኮድ መጣ። ሻጩ «የ1948 ነው» እያለ ካርቶኑ ላይ አምስት አኃዝ ከተጻፈ፣ ቢያንስ ካርቶኑ የ1948 አይደለም። የብራና መጻሕፍትን ዘመን የሚመረምሩ ሊቃውንት የፊደሉን አጣጣል፣ በመጽሐፉ የተነሣውን የንጉሥና የጳጳስ ስም አይተው ዘመኑን እንደሚያጠብቡት ሁሉ፣ እዚህም የፖስታ ቤት ቁጥር የንጉሥ ስም ያህል ይናገራል።

የሠሪው ስም በብረቱ ላይ ጎልቶ መጻፉ ግን የሚያሳስት ነገር ነው። ከሠሪዎቹ አንዳንዶቹ ያንኑ ንድፍ ለአሥርተ ዓመታት ሲያቀልጡ ኖረዋል። ስሙ እውነት ነው፤ ሠሪውም እውነተኛ ነው፤ ዘመኑ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ስም ማንነትን እንጂ ዕድሜን አይመሰክርም።

አሁን ወደዚያ ምሽት ልምጣ። ጋሼ ከአንድ የእሑድ ገበያ ባለሁለት ካርቡራተር ማኒፎልድ ገዝተው መጡ። ሻጩ አያቱ በ1947 የገዙት መሆኑን ነግሯቸዋል። ለአዲስ ዕቃ ከሚከፈለው በብዙ እጥፍ ከፍለዋል። ደስታቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር። እኔን በነጭ ጋዝና በብሩሽ እንዳጸዳው አዘዙኝና እሳቸው ቡና ለማፍላት ገቡ።

ቅባቱ ሲለቅ የሠሪው ስም ብቅ አለ። ፊደሎቹን በመብራት ሳያቸው የባንክ ዓይኔ ነቃ። ጠርዛቸው ደንዝዟል፤ ማዕዘናቸው ተድበስብሷል። ያረጀ ብረት ያለቀበት መንገድ እንዳለ አውቃለሁ፤ የሚያልቀው የጎላው ፊት ነው፤ ጥጋጥጉ ግን ስለታም ሆኖ ይቀራል። እዚህ ደግሞ ጥጋጥጉም ሳይቀር ለስልሷል።

ጋሼ ስኒ ይዘው ሲመለሱ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ስም የተጻፈ ሳይሆን የተሣለ ይመስላል» አልኳቸው።

ዝም አሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ አሳለፉ። ከዚያ ያለ አንዳች ቃል መኪናቸውን አስነሥተው ወጡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከአንድ ሽማግሌ ወዳጃቸው የተዋሱትን፣ እውነተኛነቱ የማያጠራጥር ተመሳሳይ ማኒፎልድ ይዘው መጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው።

ማኒፎልድ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሠሪው መጀመሪያ ቅርጹን ከእንጨት ያወጣል። እንጨቱ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይወጣል፤ በተወው ባዶ ቦታ ውስጥ የቀለጠ አሉሚኒየም ይፈስሳል። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ከመቶ አንድ ነጥብ ሦስት ያህል። የእንጨቱ ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ እንጨቱን በዚያው ልክ አስፍቶ ይቀርጸዋል። አስመሳዩ ግን እንጨቱ የለውም፤ ያለው የተጠናቀቀው ዕቃ ነው። ያንኑ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ሲገለብጠው፣ ግልባጩ ከዋናው በዚያው መጠን ያንሳል። በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጎድላል። የግልባጩን ግልባጭ ያወጣ ደግሞ እንደገና ይቀንሳል፤ ፊደሎቹም በየጊዜው ይደበዝዛሉ።

ታዲያ ያነሰ ማኒፎልድ እንዴት ሞተሩ ላይ ይገጥማል? ዘዴው የብሎን ቀዳዳዎቹ ናቸው። ቀዳዳዎቹ የሚበሱት ዕቃው ከቀለጠ በኋላ ስለሆነ፣ አስመሳዩ በትክክለኛው ልክ ይበሳቸዋል። በየቀዳዳው ዙሪያ ያለው ክብ ጉብታ ግን አብሮ የቀለጠ ነውና ከቦታው ሸሽቷል። ጋሼ ካሊፐራቸውን አምጥተው ለኩ። መሐል ላይ ያለው ቀዳዳ በጉብታው መካከል በትክክል ተቀምጧል፤ ወደ ጫፍ በሄድን ቍጥር ግን ቀዳዳው ከጉብታው መካከል ወደ ውጭ እየሸሸ ሄደ። በተዋሱት ላይ ሁሉም ቀዳዳ በየጉብታው እምብርት ላይ ነበር።

ጋሼ ካሊፐሩን አስቀመጡት። «ቡናው ቀዘቀዘ» ብቻ አሉ።

በማግስቱ በጠረጴዛው ዙሪያ ብዙ ተነጋገርን። የልቤን ጥያቄ ያወጣሁትም ያን ቀን ነው። «ጋሼ፣ እነዚያ ልጆች ራሳቸው ይህን ሕግ ያከብሩ ነበር? በ1950 የተሻለ ዕቃ ቢወጣ አሮጌውን ነቅለው አይጥሉትም ነበር?»

«ነቅለው ይጥሉት ነበር» አሉ። «እነሱ የሠሩት ለመቅደም ነው። እኔ የምሠራው ለመረዳት ነው። ሁለተኛዋ ካርቡራተር ለምን እንዳስፈለገች የምታውቀው በአንዷ ብቻ ነድተህ ዳገት ላይ ሲያቅትህ ነው።»

ይህ መልስ ብዙ አሳሰበኝ። ዘመኑን የጠበቀ ዕቃ መለየት ግማሹ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ዕቃው ለየትኛው ችግር መልስ እንደነበር ዐውቆ በዚያው መንገድ መጠቀም ነው። ጋሼ ይህን በተግባር አሳዩኝ። ስትሮምበርግ 97 ለዝቅተኛ የቤንዚን ግፊት የተሠራች ናት፤ ከሁለት ተኩል ፒኤስአይ ብዙም አትሻም። በዘመናዊ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቢያስጨንቋት ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ሰውየውም «አሮጌ ነገር አይረባም» ብሎ ያማታል። የጥንት የአሉሚኒየም ቴስታታ በውጭው ቢያብረቀርቅም በውስጡ ያለውን የውኃ መተላለፊያ ዝገት በልቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይገጠም በፊት ተከፍቶ ይታያል። ብሎኩም በቫልቮቹ መቀመጫና በሲሊንደሩ መካከል የመሰንጠቅ ልማድ አለው፤ ስለዚህ ለዓይን የማይታየውን ስንጥቅ በመግነጢስና በብረት ብናኝ ይመረምሩታል። ይህን ሁሉ ሳያደርግ ዕቃውን ለጌጥ የሚገጥም ሰው፣ ትርጉሙን ሳያውቅ በግጥሙ ውስጥ የግእዝ ቃል እንደሚሰካ ገጣሚ ነው። ይህን የምለው ራሴን ጨምሬ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የጋሼ የሥራ ባልደረባ ጋራዡ መጣ። ማኒፎልዱን አይቶ፣ ታሪኩንም ሰምቶ፣ የሚበጀውን በቅን ልብ መከራቸው። እሳቸው ካላወቁት የሚቀጥለውም ገዢ አያውቀውም፤ በገዙበት ዋጋ ወደ ገበያው ቢመልሱት ማንም አይጎዳም። ጋሼ ምክሩን አመስግነው ሸኙት። ገንዘቡ ለእሳቸው ትንሽ አልነበረም፤ ለመቀመጫው ቆዳ ያስቀመጡት እንደነበር ባለቤታቸው ነግረውኛል።

ማታ ላይ ጋራዡ ውስጥ የኤሌክትሪክ መቅረጫ ድምፅ ሰማሁ። ገብቼ ሳይ ማኒፎልዱ ተገልብጦ በጨርቅ ላይ ተኝቷል። ጋሼ በሆዱ በኩል፣ ሞተሩ ላይ ሲገጠም በማይታየው ቦታ ላይ፣ በአማርኛ «ግልባጭ» ብለው ጽፈው ከሥሩ የገዙበትን ዓመት እየቀረጹ ነበር።

እኔ በየቀኑ ይህን ቃል አየዋለሁ። በመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ግርጌ ሁሉ አለ፤ «ግልባጭ» ይልና ለማን ለማን እንደተላከ ይዘረዝራል። እዚያ ቃሉ ነውር የለበትም። ግልባጩ ግልባጭ ነኝ ብሎ እስከ ቀረበ ድረስ ሥራውን ይሠራል፤ ከዋናው እኩል ይነበባል። ወንጀል የሚሆነው ዋናው ነኝ ያለ ቀን ነው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እዚህ አገር ይህን ፊደል የሚያነብ ገዢ ከየት ይመጣል?»

መቅረጫውን አጠፉና የጻፉትን ራቅ አድርገው ተመለከቱት። እንዳልታሰባቸው ገባኝ። ጥቂት ቆይተው ሣቁ። «ዓመቱን ያነባሉ» አሉ። ከዚያ እንደገና መቅረጫውን አስነሥተው ከአማርኛው ሥር ያንኑ ቃል በእንግሊዝኛ ጨመሩበት፤ እጃቸው ስለደከመ ፊደሎቹ ትንሽ ተንጋደዋል።

ማኒፎልዱ ከሞተሩ ላይ አልወረደም። በውስጡ አየርና ቤንዚን ለማስተላለፍ ከዋናው አያንስም፤ ከኦገስት 1949 ሕግ ያፈነገጠው አንዱ ዕቃ እሱ ነው። ስለ መኪናው የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ጋሼ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን መሆኑን በስልክ ነግረውኛል።

እኔም ወደ አገሬ ስመለስ የዐድዋውን ግጥም አወጣሁት። ባቡሩን አውጥቼ እምቢልታ አስገባሁበት፤ ቤቱ አልመታም፤ እንደገና ብዙ ሌሊት ሠራሁበት። ዛሬ በሚገባ ቆሟል ባልልም፣ ዘማቹ የሚሰማው በዘመኑ የነበረ ድምፅ ነው። ከሥሩም ግጥሙ የተጻፈበትን ትክክለኛ ዓመት አስፍሬአለሁ።